«አጋሬ አውጣኝ»፦ ባዶ እጅ ዝም ማለት የማይችልበት ጨዋታ

አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እየተጫወቱ ነው እንበል። አንዱ እናንተ ናችሁ። የደረሷችሁን 13 ካርታዎች ስታዩ አስ የለም፣ ኪንግ የለም፣ ኩዊን የለም፣ ጃክ እንኳ የለም። ትልቁ ካርታችሁ 9 ነው። በግራችሁ ያለው ተቃዋሚ «አንድ ሀርት» ብሎ ጨረታውን ከፈተ። ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠችው አጋራችሁ «ደብል» አለች። በቀኛችሁ ያለው ተቃዋሚ «ፓስ» ብሎ አለፈ። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

መቼም በዚህ እጅ ማንም የሚመኘው ዝም ብሎ ማለፍን ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ? እዚህ ቦታ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ያውም ክፉኛ። በዚህ ባዶ እጅ መናገር ግዴታችሁ ነው። ማለፍ የሚችለው በተቃዋሚው ሜዳ ላይ ጠንካራ ካርታ የያዘ ሰው ብቻ ነው። የተገለበጠ ነገር ይመስላል አይደል? የተገለበጠበት ምክንያት ግን ስልካችሁ ፎቶና ድምፅ አሳንሶ ከሚልክበት ዘዴ ጋር ይዛመዳል። ካርታ ነክታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ችግር የለም፤ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ብሪጅ በአጭሩ

ብሪጅ የሁለት ጥንዶች ጨዋታ ነው። አጋሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ 52ቱ ካርታዎች ለአራቱ እኩል ይታደላሉ። ካርታዎቹ በአራት ቤተሰብ ይከፈላሉ፦ ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ሀርት እና ስፔድ። በእያንዳንዱ ዙር አራቱም ተጫዋቾች አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ትልቁን የጣለ ዙሩን ይበላል። በጠቅላላው 13 ዙር አለ።

ከመጫወት በፊት ግን ጨረታ አለ። «ከ13ቱ ዙር ስንቱን እንበላለን? ሌሎቹን የሚገዛው ቤተሰብ የትኛው ይሁን?» የሚለው የሚወሰነው እዚህ ነው። ገዢው ቤተሰብ ትራምፕ ይባላል፤ የትራምፕ 2 የሌላውን ቤተሰብ አስ ይበላል። «አንድ ሀርት» ማለት «ሀርት ትራምፕ ሆኖ 6 እና 1፣ ማለትም 7 ዙር እንበላለን» ማለት ነው። «አራት ስፔድ» ማለት ደግሞ «ስፔድ ትራምፕ ሆኖ 10 ዙር» ነው። ቃሉን የጠበቀ ነጥብ ያገኛል፤ ያልጠበቀ ይቀጣል።

የእጅን ጉልበት ለመገመት ተጫዋቾች ቀላል ሒሳብ አላቸው፦ አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ነጥብ። በካርታው ሁሉ 40 ነጥብ አለ ማለት ነው፤ የአንድ ሰው አማካይ ድርሻ 10 ነው። ጨረታ የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም ከዚያ በላይ አለው። ዛሬ የምንጫወተውን ዓይነት ብሪጅ ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ጉዞ ላይ ሳለ የነጥብ አሰጣጡን አሻሽሎ አወጣው።

38 ቃላት ያሉት ቋንቋ

እኔን እንደ ኢንጂነር የሚስበኝ ጨረታው ነው። ምክንያቱም ጨረታ ማለት ሁለት አጋሮች ካርታቸውን ሳያሳዩ የሚነጋገሩበት ብቸኛው መስመር ነው፤ መስመሩም እጅግ ጠባብ ነው።

እስቲ እንቁጠር። ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 7 ናቸው። በእያንዳንዱ ደረጃ አምስት ምርጫ አለ፦ ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ሀርት፣ ስፔድ፣ እና ትራምፕ የሌለበት «ኖትራምፕ»። 7 ሲባዛ በ5፣ 35። በዚያ ላይ «ፓስ»፣ «ደብል» እና «ሪደብል» አሉ። በቃ፤ ቋንቋው በሙሉ 38 ቃል ነው።

በዚህ ቋንቋ የሚገለጸው ነገርስ? አንድ ተጫዋች ሊደርሱት የሚችሉት የ13 ካርታ ስብስቦች 635,013,559,600 ናቸው። ከእነዚህ መካከል አንዱን ለይቶ ለመናገር «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስመልሱ 40 ያህል ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ። በኮምፒውተር ቋንቋ 40 ቢት ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ጨረታ ላይ ወደ ታች አይኬድም። «ሁለት ስፔድ» ከተባለ በኋላ «ሁለት ክለብ» ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ ጥሪ ከሱ በታች ያሉትን ቃላት ሁሉ ያቃጥላል። ባለ 35 ደረጃ መሰላል ስትወጡ ያለፋችኋቸው ደረጃዎች ከኋላችሁ እየተሰበሩ ነው ብላችሁ አስቡት። ስለዚህ ቦታ ሳያቃጥል ብዙ ነገር የሚናገር ቃል በዚህ ጨዋታ ወርቅ ነው።

ሥራ ፈት ቃል ሥራ ሲሰጠው

«ደብል» የሚለው ቃል መጀመሪያ የተሠራው ለውርርድ ነው። «ያላችሁትን ዙር አትበሉም፤ ቅጣቱም ሽልማቱም ይጨምር» ማለት ነበር። ተቃዋሚ ተንጠራርቶ «አራት ስፔድ» ሲል ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ተቃዋሚው ገና «አንድ ሀርት» ሲል ምን ያደርጋል? ሰባት ዙር ብቻ ነው የጠየቀው፤ እጁም ጥሩ ነው። በዚህ ደረጃ ለቅጣት ደብል ማለት ብዙም አያዋጣም። ቃሉ አለ፣ ግን ሥራ ፈት ነው።

የዛሬው ብሪጅ ከመወለዱ በፊት፣ በ1910ዎቹ የነበሩ አሜሪካውያን ተጫዋቾች ታዲያ ይህን ሥራ ፈት ቃል አዲስ ሥራ ሰጡት። በዝቅተኛ ደረጃ የሚባል ደብል ከዚያ ወዲህ እንዲህ ማለት ሆነ፦ «እኔ ጥሩ እጅ አለኝ፤ 12 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ። ተቃዋሚው ከጠራው ቤተሰብ ብዙ የለኝም፤ ሌሎቹን ሦስቱን ግን እደግፋለሁ። አጋሬ፣ ከሦስቱ የሚሻልህን አንተ ምረጥ።»

ስሙ ቴክአውት ደብል ነው። በእኛ አባባል ከሮጠ ሰው «እግሬ አውጪኝ» የምንለውን ያስታውሳል፤ እዚህ ግን «አጋሬ አውጣኝ» ነው። «ከዚህ ከሀርት አውጣኝ፤ ወደ ራሳችን ሜዳ ውሰደኝ» ማለቷ ነው።

ብልሃቱን አያችሁት? አንድ ቃል የነጥቡን መጠን፣ የአንዱን ቤተሰብ ማነስና የሦስቱን ድጋፍ በአንዴ ተናገረ። ከመሰላሉ ላይ ደግሞ አንድም ደረጃ አላቃጠለም። ከ«አንድ ሀርት» በላይ ያለው ቦታ ሁሉ ለመልሱ ክፍት ነው።

መልሱ የሚዘጋጅበት ሒሳብ

አሁን ወደ እናንተ እጅ እንምጣ። ከመመለሳችሁ በፊት በጣም ቀላል ስሌት እንሥራ። ጨረታውን የከፈተው ተቃዋሚ 13 ያህል ነጥብ ይኑረው፤ አጋራችሁም 13 ያህል። ከ40 ላይ ሲቀነስ 14 ይቀራል። ይህ ለእናንተና በቀኛችሁ ላለው ሰው ለሁለት ሲካፈል 7፣ 7 ይደርሳችኋል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ብዙውን ጊዜ እጃችሁ ደካማ ነው። ደካማ መሆን እዚህ ቦታ ላይ የተለመደው ሁኔታ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚላክ መልእክት ሲኖር ኢንጂነሮች ምን ያደርጋሉ? ርካሹን ቃል ለእሱ ይሰጣሉ። በሞርስ ኮድ በእንግሊዝኛ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ፊደል «ኢ» አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ዴቪድ ሃፍማን የተባለ የኤም አይ ቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው ዘዴም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ለተደጋጋሚው አጭር ኮድ፣ ለብርቅዬው ረጅም ኮድ። ዘዴው የተወለደው ከክፍል ሥራ ነው፤ መምህሩ የፈተና ምትክ ጽሑፍ እንዲሠሩ ፈቅዶላቸው ነበር። ዛሬ ፋይል ስናሳንስና ፎቶ ስንልክ የሃፍማን ሐሳብ ውስጡ አለ።

የደብል መልሶችም የተደረደሩት በዚሁ መንገድ ነው። ርካሹ ጥሪ ለተለመደው ደካማ እጅ፣ ውዱ ጥሪ ለብርቅዬው ጠንካራ እጅ፦

• ከ0 እስከ 8 ነጥብ፦ ረጅሙን ቤተሰባችሁን በሚቻለው ዝቅተኛ ደረጃ ጥሩ። ለምሳሌ «አንድ ስፔድ» ወይም «ሁለት ክለብ»።

• ከ9 እስከ 11 ነጥብ፦ አንድ ደረጃ ዘላችሁ ጥሩ። «አንድ ስፔድ» ማለት ስትችሉ «ሁለት ስፔድ» ትላላችሁ። አጋራችሁ ዝላዩን ስትሰማ «አሃ፣ የሆነ ነገር አለው» ትላለች።

• 12 እና ከዚያ በላይ፦ ሁለታችሁ ስትደመሩ ትልቁን ሽልማት ለመሞከር የሚበቃ ጉልበት አላችሁ። ጥሩ ስፔድ ካላችሁ በቀጥታ «አራት ስፔድ»። የት እንደሚሻል ካላወቃችሁ ደግሞ የተቃዋሚውን ቤተሰብ ራሱን ትጠራላችሁ፦ «ሁለት ሀርት»። ሀርት መጫወት ፈልጋችሁ አይደለም፤ «ጠንካራ ነኝ፣ እስቲ ቀጥዪ ንገሪኝ» ማለታችሁ ነው። ሌላ ሥራ ፈት ቃል ሥራ አገኘ ማለት ነው።

• ከ7 እስከ 10 ነጥብ ሆኖ በተቃዋሚው ቤተሰብ ላይ አስተማማኝ ካርታ ካላችሁና የሚጠራ ስፔድ ከሌላችሁ፦ «አንድ ኖትራምፕ»።

ቁጥሮቹ እንደ ጥንዱ ስምምነት በአንድ ሁለት ነጥብ ሊለያዩ ይችላሉ፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው። ሁለት ምርጫ ሲኖራችሁ ስፔድንና ሀርትን አስቀድሙ። በእነሱ የተበላ ዙር 30 ነጥብ ሲያስገኝ የክለብና የዳይመንድ 20 ብቻ ነው።

ረጅሙ ቤተሰባችሁ ራሱ የተቃዋሚው ሀርት ሆኖ ካርታዎቹ ግን ተራ ከሆኑስ? ለምሳሌ 9፣ 7፣ 4 እና 2? ያኔ ባለ 3 ካርታ ቤተሰብ እንኳ ቢሆን ጠርታችሁ ትወጣላችሁ። ያማል፤ ግን ከዝምታ ይሻላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ባዶ እጃችን፣ ስፔዱ 8፣ 6፣ 5፣ 3፣ ሀርቱ 9፣ 7፣ 4፣ 2፣ ዳይመንዱ 7፣ 5፣ ክለቡ 6፣ 4፣ 3 ቢሆን መልሱ ያለ ማመንታት «አንድ ስፔድ» ነው። በነገራችን ላይ ከ9 የሚበልጥ ካርታ የሌለበት እንዲህ ያለ እጅ «ያርቦሮ» ይባላል። ስሙ የመጣው ከአንድ የእንግሊዝ ጌታ ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ ለሚደርሰው 1,000 ለ1 ይወራረድ ነበር ይባላል። እውነተኛው ዕድል ግን ከ1,828 አንድ ስለሆነ ውርርዱ ለጌትየው የሚያዋጣ ነበር።

ዝምታ ስንት ያስከፍላል?

«ባዶ እጅ ይዤ ብናገር እንቀጣለን» የሚል ስጋት ይመጣል። ልክ ነው፣ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱን ኪሳራዎች በቁጥር እናወዳድር።

«ፓስ» ብትሉ ጨረታው እዚያው ያበቃል። ተቃዋሚው አንድ ሀርትን በደብል ይጫወታል። እናንተ ምንም የላችሁም፤ ስለዚህ 9 ዙር በላ እንበል። ደብል ባይኖር ኖሮ 140 ነጥብ ያገኝ ነበር። በደብል ግን በተለመደው የውድድር አቆጣጠር 360 ያገኛል፤ ያውም ቅጣትና ሽልማት በሚከብድበት ሁኔታ ላይ ካልሆነ ነው።

«አንድ ስፔድ» ብትሉና ጨዋታው እዚያ ቆሞ ሁለት ዙር ቢጎድላችሁስ? 100 ነጥብ ትቀጣላችሁ። 360 እና 100። ያውም አጋራችሁ ስፔድን እንደምትደግፍ አስቀድማ ተናግራለች፤ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለደካማው «ፓስ» ውድ የሆነው ለዚህ ነው። ያ ቃል ለሌላ መልእክት ተይዟል፦ «ሀርት የኔ ሜዳ ነው፤ እዚሁ እንቅጣው»። ሀርታችሁ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10 እና 8 ቢሆን ያኔ ማለፍ ትችላላችሁ። ከፋቹ በግራችሁ ስላለ እናንተ ከጣላችሁ በኋላ ነው እሱ የሚጥለው፤ ስለዚህ እንዲህ ተከታታይና ጠንካራ ካርታ እንጂ ተራ አራት ሀርት አይበቃም።

እዚህ ላይ አጋራችሁም ግዴታ አለባት። «አንድ ስፔድ» ስትሏት ከ0 እስከ 8 መሆኑን ታውቃለች፤ ስለዚህ ተራ እጅ ይዛ «ስፔድ አለው!» ብላ መሰላሉን መሮጥ የለባትም። አንዱ በግዴታ ሲናገር ሌላው በልኩ መስማት አለበት።

ግዴታው የሚነሳበት ጊዜ

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። አጋራችሁ «ደብል» ካለች በኋላ በቀኝ ያለው ተቃዋሚ አላለፈም፤ «ሁለት ሀርት» አለ። እጃችሁ ያው ባዶ እጅ ነው። ምን ትላላችሁ?

አሁን «ፓስ» ትላላችሁ፤ ያለ ሐሳብ። ለምን? ተቃዋሚው ስለተናገረ ደብሉ ተነስቷል፤ ጨረታውም ተመልሶ ወደ አጋራችሁ ይደርሳል። ያ የ360 ነጥብ አደጋ የለም። ግዴታውም የለም። እንዲያውም አሁን በራሳችሁ ፈቃድ «ሁለት ስፔድ» ብትሉ «የሆነ ጉልበት አለኝ» ማለታችሁ ይሆናል።

ልብ በሉ፦ ካርታው አልተለወጠም፤ «ፓስ» የሚለው ቃልም አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ መናገር ይቻል የነበረው ነገር ነው። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ የመረጃን መለኪያ ሲያስቀምጥ መሠረቱ ይህ ነበር፤ አንድ መልእክት የሚይዘው መረጃ የሚወሰነው በምትኩ ሊላኩ ይችሉ ከነበሩት መልእክቶችና ከዕድላቸው ነው። ተገድዶ የተባለ ነገር ትንሽ ይናገራል፤ ሳይገደድ የተባለ ብዙ ይናገራል። ዝምታም ቃል ነው፤ ትርጉሙን የምታውቁት ግን ሰውዬው ሌላ ምን ማለት ይችል እንደነበር ስታውቁ ነው።

ምስጢር የሌለበት ኮድ

«እንግዲያው እኔና አጋሬ የራሳችንን ምስጢራዊ ኮድ እናውጣ» ያለ ይኖራል። አይቻልም። የብሪጅ ሕግ እያንዳንዱ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ ተቃዋሚዎችም እንዲያውቁ ያዛል። ቢጠይቁ አጋር ያብራራላቸዋል። ስለዚህ ፈተናው መደበቅ አይደለም፤ ሁሉም እየሰማ በጥቂት ቃል በትክክል መግባባት ነው።

ከጥሪው ውጪ የሚያመልጥ መረጃም ክልክል ነው። «አንድ ስፔድ»ን በደስታ ጮክ ብሎ ወይም ለረጅም ጊዜ አስቦ መጥራት ለአጋር ብዙ ሊናገር ይችላል፤ አጋር ግን ያንን መጠቀም አይፈቀድላትም። በኮምፒውተር ደኅንነት ይህ የጎን መስመር ይባላል፤ ኮዱ ራሱ ሳይሰበር ማሽኑ የፈጀው ጊዜ ወይም ኃይል ምስጢር ሲያወጣ ማለት ነው። ለዚህም ሲባል በውድድር ላይ ተጫዋቾች በድምፅ አይጠሩም፤ ጥሪው የታተመባቸውን ካርዶች ከሳጥን አውጥተው ያስቀምጣሉ። በትልልቅ ውድድሮች ደግሞ አጋሮች እንዳይተያዩ ጠረጴዛው ላይ መከለያ ይቆማል።

ይህ በሰው የመግባባት ችሎታ ላይ የቆመው ክፍል ለማሽንም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ፓሪስ ላይ ኑክ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ፕሮግራም ከስምንት የዓለም ሻምፒዮኖች ጋር ተወዳድሮ ከ80 ምድቦች 67ቱን አሸነፈ። የተወዳደረው ግን በካርታ አጣጣል ላይ ብቻ ነበር፤ ጨረታው ከውድድሩ ውጪ ተደርጓል።

ራሳችሁን ፈትኑ

ተቃዋሚው «አንድ ዳይመንድ» ብሎ ከፈተ፤ አጋራችሁ «ደብል» አለች። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ወስኑ።

1. በቀኝ ያለው አለፈ። ስፔድ፦ ጃክ፣ 7፣ 3። ሀርት፦ ኩዊን፣ 9፣ 6፣ 4። ዳይመንድ፦ 8፣ 5፣ 2። ክለብ፦ 7፣ 6፣ 3።

2. በቀኝ ያለው አለፈ። ስፔድ፦ ኪንግ፣ ኩዊን፣ 7፣ 5። ሀርት፦ 6፣ 2። ዳይመንድ፦ 9፣ 8፣ 3። ክለብ፦ አስ፣ ጃክ፣ 7፣ 4።

3. በቀኝ ያለው «ሁለት ዳይመንድ» አለ። ስፔድ፦ 9፣ 5፣ 4፣ 3። ሀርት፦ ጃክ፣ 6፣ 2። ዳይመንድ፦ 8፣ 7። ክለብ፦ ኩዊን፣ 8፣ 5፣ 3።

መልስ፦ የመጀመሪያው 3 ነጥብ ነው፤ ግዴታ ስላለ «አንድ ሀርት»። ሁለተኛው 10 ነጥብ ነው፤ ስፔድን ከክለብ አስቀድማችሁ፣ ዘላችሁ «ሁለት ስፔድ»። ሦስተኛውም እንደ መጀመሪያው 3 ነጥብ ነው፤ ግን ግዴታው ስለተነሳ «ፓስ»።

አንደኛውና ሦስተኛው ነጥባቸው እኩል ሆኖ መልሳቸው ለምን እንደተለያየ ለጓደኛችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ ዋናውን ነገር ይዛችኋል። ከዚያ የሚቀረው አንድ ደስታ ካርታና ሦስት ጓደኞች ማግኘት ነው።